ክብር ለኪኒን አዳዮች

ሰሞኑን አንዱ የስኳር ኪኒኑን ቆርጦ ለጓደኛው ሲያካፍል አየሁ። «ለእኔ ተስማምቶኛል፣ ምን ችግር አለው?» ይላል። በልቤ አጨበጨብኩለት። ዓመታት ተምሮ፣ ያውም የደምና የኩላሊት ውጤት ካላየሁ አላዝም የሚል ሐኪም እንዴት ከእነዚህ ሊቃውንት ጋር ይወዳደራል?

የእኔ ምርጥ ግን ባለ ፌስታሉ ነው። መቼም ታውቁታላችሁ። ፌስታሉ ውስጥ የራሱ ኪኒን አለ፣ ከዘመድ የተረፈ አለ፣ ሐኪም ቀይሮለት «ተወው» የተባለውም አለ። ማሸጊያው ተቆራርጦ ተቆራርጦ ስሙም፣ መጠኑም፣ የሚያበቃበት ቀንም ጠፍቷል። እሱ ምን ገዶት? በመልክ ያውቃቸዋል። «ነጯ ክብ ለጠዋት ናት፣ ረዘም ያለችዋ ለጠናበት» ይላል። እጁን ከቶ ያማስላል፣ አንዷን ያወጣል፣ በብርሃን ያያታል፣ ይመልሳታል፣ ሌላ ያወጣል። «ስንት ኪሎ ነህ?» ብሎም ይጠይቃል። የፈለግከውን ቁጥር ብትነግረው የሚሰጥህ ያችኑ ነጯን ነው። ትልቅ ሆና ካስቸገረችህ «አኝከህ ዋጣት» ይልሃል። ይህቺኛዋ ቀስ እያለች መድኃኒቱን እንድትለቅ የተሠራች ናት፣ ከታኘከች በአንዴ ትለቀዋለች የሚል ሰው ቢመጣ «ሆድ ገብታ መድቀቋ መች ይቀራል!» ብሎ ያሳርፈዋል። መለኪያ መሣሪያም አያስፈልገውም፣ ስኳርን ከፊት ላይ ያነባል። «አልቦሃል፣ እጅህም ይንቀጠቀጣል፣ ስኳርህ ወጥቷል ማለት ነው፣ አንድ ጨምር!»

አልቦት የሚንቀጠቀጥ ሰው እኮ ስኳሩ ወርዶበት ሊሆን ይችላል! ግሊቤንክላማይድን የመሰለ ኪኒን ቆሽትን ኢንሱሊን አምጪ ብሎ ያስገድዳል፣ በላህ አልበላህ አይልም። ምግብ የዘለሉ አዛውንት ወይ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ሲወስደው ስኳሩ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ወርዶ ሊቀባዥር፣ ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። እንዲህ ላለ ሰው፣ መዋጥ እስከቻለ ድረስ፣ የሚሰጠው 15 ግራም ያህል ስኳር ነው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም መልሶ መለካት። ሌላ ኪኒን ትጨምሩበታላችሁ? ሜትፎርሚን የሚባለው ሌላው የስኳር ኪኒንስ ቢሆን ኩላሊቱ ክፉኛ ለተጎዳ ሰው መች ይታዘዛል? የሰው አባት ላይ በማን ፈቃድ ነው የምትሞክሩት?

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርን። ትናንት የረሳውን ዛሬ ደርቦ የሚውጠውን ቆጣቢ ሳላነሳ አላልፍም። ምርመራው ሁለት ቀን ሲቀረው ብቻ ኪኒን የሚያስታውሰው ጀግናም አለ። ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው የደም ምርመራ ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ ስኳሩን ሲዘረግፍበት «ማሽኑ ተበላሽቷል» ይላል።

ባለ ፌስታሉ ራሱን ሲያመውስ የት ይሄዳል መሰላችሁ? ሐኪም ቤት። ያውም ከስፔሻሊስት በታች አያናግርም። ፌስታሉን ቤት ጥሎ።