የበረንዳው ዜና

አዲስ አበባ ከብርድ ሸሽታ የተቆረቆረች ከተማ ናት። እንጦጦ ላይ ቁሩና ነፋሱ የሰለቻቸው እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍልውሃ ወርደው ሙቁን ውሃ ካዩ በኋላ፣ በ1879 ዓ.ም. እዚያው አጠገብ ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ። መኳንንቱም ተከተሉ፤ እኛም መኳንንቱን ተከትለን ይኸው እስከ ዛሬ አለን። ሽሽቱ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል። ሦስት ሺሕ ሜትር ከሚያልፈው ተራራ ወርደን 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስንደርስ ደከመንና ተቀመጥን። ትንሽ ጨክነን ብንወርድ ኖሮ አዋሽ ዳር ደረቅ መሬት ይጠብቀን ነበር። ዝናቡ አዲሱን አድራሻችንን ለማግኘት አንድ ክረምት እንኳን አልፈጀበትም።

ከዚያ ወዲህ ክረምት ሰኔ 26 ይገባል፣ መስከረም 25 ይወጣል። የዘመን መቁጠሪያው እንዲህ ይላል፤ ዝናቡም ከሞላ ጎደል ያከብረዋል። እርጥበቱ ከአትላንቲክና ከሕንድ ውቅያኖስ ተነሥቶ፣ ስንት አገር ያለ ቪዛ አቋርጦ፣ ሐምሌ ላይ ከተፍ ይላል። ከመገናኛ ሜክሲኮ ለመድረስ ግማሽ ቀን የሚፈጅብን እኛ ግን በየዓመቱ እንደነግጣለን። "ምን ዓይነት ዝናብ ነው ዘንድሮ!" እንላለን። አምናም ብለን ነበር። በዓመት ከሚዘንብልን 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ውስጥ ግማሹን የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ እንደሚወርድ የማያውቅ የለም። ያም ሆኖ ጣሪያችንን የምንጠግነው ማፍሰስ ሲጀምር ነው። የጎርፍ መውረጃውን የምንጠርገው ሲደፈን ነው። ጃንጥላ የምንገዛውም ከረጠብን በኋላ ነው። ጃንጥላ ሻጩ ይህን ጠባያችንን ጠንቅቆ ያውቃል። በግንቦት ግዙኝ ብሎ የለመነንን ዕቃ በሐምሌ ዋጋውን ስንጠይቀው፣ መጀመሪያ ቀና ብሎ ሰማዩን ያይና ነው የሚመልስልን።

ትንበያ አይነገረንም እንዳይባል ደግሞ ይነገረናል። ማታ ማታ ዜናው ሊያበቃ ሲል ካርታው ፊት ይቆሙና፣ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ከቀላል እስከ መካከለኛ፣ በአንዳንድ ስፍራዎች ደግሞ ከባድ ዝናብ ሊኖር እንደሚችል ያበስሩናል። ይህን አነጋገር አደንቃለሁ። ከቀላል እስከ ከባድ ባለው ውስጥ የማይካተት ዝናብ እስከ ዛሬ አልዘነበም። "ሊኖር ይችላል" የምትለዋ ደግሞ ባይዘንብም ታስመሰግናለች። ይህ ልማድ ወደ ሌላው ዜናም ቢዛመት ደስ ይለኛል። "በነገው ዕለት በአንዳንድ ሰፈሮች ከቀላል እስከ መካከለኛ መጠን ያለው ውሃ በቧንቧ ሊመጣ ይችላል" ቢሉን ማን ይቀየማል?

እኔ ግን የከተማዋን ዜና የምከታተለው በረንዳ ላይ ነው።

ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ በእንጦጦ በኩል ሰማዩ ይጠቁራል። ነጋዴው ሸራውን ይጎትታል። ታክሲ ለመያዝ የተሰለፈው ሕዝብ አንገቱን ያሰግጋል። የመጀመሪያዎቹ ወፋፍራም ጠብታዎች አስፋልቱን ሲመቱ ሁሉም የሚሳሳለትን ነገር ይሸፍናል፤ የሰውን ልብ ማወቅ የፈለገ ይህን ጊዜ ይመልከት። ፀጉሯን ትናንት የተሠራች ወጣት ከቦርሳዋ ፌስታል አውጥታ ራሷ ላይ ታጠልቃለች፤ ቀሚሷ የፈለገውን ይሁን። ጎረምሳው ስልኩን ብብቱ ስር ይወሽቃል። የመሥሪያ ቤት ሰው ፋይሉን ራሱ ላይ ይደፋል፤ ባለጉዳዩ ከሩቅ ቢያየው ስንት ወር የተመላለሰበት ጉዳይ በመጨረሻ ለአንድ ነገር እንደዋለ አይቶ ይጽናና ነበር። ጋዜጣ የያዘም እንደዚሁ ያደርጋል። አንድ ጊዜ ጎን ለጎን የሚሮጡ ሁለት ሰዎች አይቻለሁ፤ አንዱ የልማት ዜናውን፣ ሌላው የጨረታ ማስታወቂያውን ተከናንበዋል። ቶሎ ያፈሰሰው ልማቱ ነው። ጨረታው ብዙ ገጽ ስለነበረው ባለቤቱን በደረቁ አሻገረው።

በረንዳው የባንክ ከሆነ ዘበኛው መጀመሪያ "ወደዚያ ጠጋ በሉ፣ በሩን አትዝጉ" ይላል። ዝናቡ ሲጠነክር ይተዋል። በረዶ ሲቀላቅል ራሱም ወሬውን ይቀላቀላል። ያ ሁሉ የማይተዋወቅ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ወደ አንድ አቅጣጫ እያየ ዝም ቢል ነውር ነው። ታክሲ ውስጥ ከአጠገባችን የተቀመጠውን ሰው ቀና ብለን የማናይ ሰዎች፣ እዚህ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ የማን ልጅ ዓረብ አገር እንደሄደች፣ ሽንኩርት የት ገበያ እንደረከሰና የማን ቤት ሊፈርስ ምልክት እንደተደረገበት እናውቃለን። ለዚህ ሁሉ ክፍያ የለውም። ማስታወቂያም አያቋርጠውም፤ አልፎ አልፎ ነጎድጓድ ነው የሚያቋርጠው።

በቅርቡ ከእንዲህ ያለው በረንዳ ላይ አንድ አዛውንት አጠገብ ቆምኩ። መያዣው እንጨት የሆነ፣ አንድ ቤተሰብ ሙሉ የሚያስጠልል ጥቁር ጃንጥላ አላቸው። አጥፈው ተመርኩዘውታል።

"አባባ፣ ይህን የሚያህል ጃንጥላ ይዘው ምን ያስቆምዎታል?" አልኳቸው።

"ልጄ፣ ዝናቡንስ ጃንጥላው ይመልስልኛል" አሉኝ። "ወሬውን ማን ይነግረኛል?"

ጡረታ ከወጡ ወዲህ ክረምትን በጉጉት ነው የሚጠብቁት። በበጋ ሰው ቆሞ አያወራም፤ ሰላምታውን እንኳን እየሮጠ ነው የሚጨርሰው። ሐምሌ ሲገባ ግን ሁሉም ይያዝላቸዋል።

ከእርሳቸው ቀጥሎ የቆሙት እናት ጨዋታው አልጣማቸውም። አንገታቸውን አውጥተው ሰማዩን ያያሉ፣ ተመልሰው ሰዓታቸውን ያያሉ። ለካ በሰፈራቸው የውሃ ተራው ዛሬ ኖሯል። በሳምንት አንድ ቀን፣ እርሱም ከሰዓት በኋላ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ይመጣል፤ ባልዲው፣ ጀሪካኑና ሮቶው ባዶውን ተሰልፎ ይጠብቃቸዋል። ቤት ውስጥ ቧንቧውን የሚከፍት ሰው የለም። ከፊታችን ደግሞ ከአሸንዳው የሚወርደው ውሃ እየተንዶለዶለ መንገዱን ሞልቶታል።

"ውሃ ይዞኝ ውሃ ሊያመልጠኝ ነው!" አሉ።

በረንዳው በሙሉ ሳቀ። እርሳቸውም መጨረሻ ላይ ሳቁ፤ ሰዓታቸውን ማየቱን ግን አልተዉም።

በዚህ መካከል የባንኩ መብራት ድርግም ብሎ ጠፋ። ማንም አልደነገጠም። ኤሌክትሪካችን ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ነው። ስለዚህ ዝናብ ሲቀር ግድቡ ጎደለ ተብሎ መብራት ይጠፋል፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ መስመሩ ረጠበ ተብሎ ይጠፋል። የሚስማማውን አየር እስካሁን አላገኘንለትም። ዘበኛው "ለመብራት ጥሩው ወር ጥቅምት ነው" አለ። ለምን እንደሆነ አላስረዳም፤ እኛም በሙያው ገብተን አልተከራከርነውም።

ጫማ የሚጠርገው ልጅ ሳጥኑን ለዘበኛው አደራ ሰጥቶ ወጣ። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ድንጋይ ከየጥጉ እያመጣ፣ ከበረንዳው ጫፍ እስከ ታክሲ መያዣው ድረስ መሻገሪያ ደረደረ። ጥናት የለ፣ ጨረታ የለ፣ ሪባን የለ። የመሠረት ድንጋይ ብቻ ነው ያስቀመጠው፤ በዚህች ከተማ የተቀመጠ ቀን አገልግሎት የጀመረ የመሠረት ድንጋይ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ለመሻገር 5 ብር ያስከፍላል። ሦስተኛው ድንጋይ ግን ይወዛወዛል። እርሱን የረገጠ ሁሉ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይነከራል፤ ማዶ ሲደርስ ያው ልጅ ብሩሹን ይዞ "ጋሼ፣ ይጠረግ?" ይለዋል። አዛውንቱ ይህን ሲያዩ ቆይተው ድንጋዩን ለምን እንደማያስተካክለው ጠየቁት።

"አባባ፣ እርሱ በሁለተኛው ምዕራፍ የሚሠራ ነው" አለ።

ይህ ሁሉ ውሃ ወዴት ነው የሚሄደው ያለ ሰው ነበር። ወደ ቀበና፣ ወደ ግንፍሌ፣ ወደ ባንትይቀጡ ይሄዳል። ከዚያ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂ ወደ አዋሽ። አዋሽ ደግሞ ባሕር የማያይ ወንዝ ነው፤ ጉዞውን አፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ይጨርሳል። ስለዚህ ከእኛ ሰፈር በጎርፍ የተወሰደ አንድ እግር ነጠላ ጫማ፣ አባ ሳሙኤልና ቆቃ ላይ ባይያዝ እንኳን፣ የባሕር በር ሳያገኝ እዚያው ይቀራል ማለት ነው። እንደ አገር የምንጨነቅበት ጉዳይ ጫማችንንም አልማረውም። የወንዝ ዳር ቤቶች ነገር ሲነሣ ግን ሳቁ ቆመ። ጎርፍ በሌሊት ሰው ቤት ሲገባ ጨዋታ አይሆንም፤ እናት አማተቡ፣ ሌላው "እግዜር ይሰውረን" አለና ወሬው ተቀየረ።

ዋናው ዜና የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቦርሳ ያነገተ ወጣት እየሮጠ ገባና፣ ውሃውን ከትከሻው እያራገፈ፣ "ነገ የቦሌ መንገድ ይዘጋል አሉ" አለ።

በአዲስ አበባ መንገድ ይዘጋል ከሚል ዜና በላይ የሚታመን የለም። እንግዳ ሲመጣ ይዘጋል። ሩጫ ሲኖር ይዘጋል። በዓል ሲሆን ይዘጋል፣ ሲቆፈር ይዘጋል፣ ተሠርቶ ሲመረቅም ይዘጋል።

"ለምን ይሆን?" አልነው።

"እንግዳ ይመጣል መሰለኝ።"

አዛውንቱ በጃንጥላቸው ወለሉን መታ አደረጉ። "የአፍሪካ መሪዎች የሚመጡት በጥርና በየካቲት ነው። በሐምሌ የሚመጣ እንግዳ ጎርፍ ብቻ ነው።"

"እንግዲያውስ የኮሪደር ልማቱ ነው" አለች ባለ ፌስታሏ።

"ችግኝ ተከላ ይሆናል" አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። ይህ ክብደት ያለው አስተያየት ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ከተነገረ ወዲህ ሐምሌ የአካፋ ወር ሆኗል። ያልተረገጠበት ቦት ጫማ ያደረገ ኃላፊ ከታየ አካባቢው ካሜራ አለ ማለት ነው።

"አስፋልት ላይ ነው የሚተክሉት?" አለ ዘበኛው።

"ጉድጓዱማ ተዘጋጅቷል" አሉ እናት፣ ዓይናቸውን ከሰዓታቸው ሳያነሡ።

ክርክሩ በሽምግልና አለቀ። አዛውንቱ ሁሉንም አዳምጠው ሲያበቁ፣ መንገዱ መዘጋቱ እርግጥ መሆኑን፣ ምክንያቱ ግን ገና እየተጠና መሆኑን ገለጹ። ሁላችንም ተስማማን።

ዝናቡ ጋብ ሲል በረንዳው ደኅና ዋሉ ሳይባባል ተበተነ። ያን ያህል ምስጢር የተካፈለ ሕዝብ እንደዚያ ሲለያይ ያስገርማል። ቅድም "ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ" ይል የነበረው የታክሲ ረዳት አሁን "ሃያ ሁለት ብቻ!" ማለት ጀምሯል። ዝናብ ከተማዋን ሳያሰፋት አይቀርም፤ በበጋ በአንድ ታክሲ የሚደረስበት ቦታ በክረምት ሦስት ይጠይቃል፤ ሦስቱም ሙሉውን ነው የሚያስከፍሉት። አዛውንቱ ጃንጥላቸውን ዘርግተው "ቡሄ ሳይመጣ እንገናኛለን" ብለውኝ ሄዱ። "ቡሄ ከዋለ የለም ክረምት" የሚለውን አምኖ ነሐሴ 13 ጃንጥላውን የጣለ ሰው ነሐሴ 14 በስብሶ ሲገባ ያየ ያውቀዋል፤ እስከ መስከረም 25 ገና ከአንድ ወር በላይ ይቀራል። ተረቱን መጀመሪያ የተረተው ጃንጥላ ሻጭ ሳይሆን አይቀርም።

ማታ ሰፈር ስደርስ ጎረቤታችን በር ላይ ጠበቁኝ።

"ልጄ፣ ነገ በቦሌ እንዳትሄድ። ዝግ ነው።"

"ከማን ሰሙ፣ እትዬ?"

"ኧረ የታመነ ነው! አንድ ትልቅ ሰው ናቸው የተናገሩት። ጥናቱ ላይ ያሉ።"

በማግሥቱ ጠዋት ሕዝቡ አማራጭ መንገድ ተጠቀመ። በገርጂ የሞከረው በገርጂ፣ በሃያ ሁለት የሞከረው በሃያ ሁለት ተቆላልፎ ቆመ። የትራፊክ ፖሊሱ ይህ ሁሉ መኪና ከየት እንደመጣ ግራ ገብቶት ፊሽካውን አፉ ውስጥ ረስቶታል። የቦሌ መንገድ ወለል ብሎ ተከፍቶ ዋለ፤ የነዱበት ትናንት የትም ሳይጠለሉ ቤታቸው የገቡ ጥቂት ሰዎች ብቻ ናቸው።

8 ሰዓት ላይ ዝናቡ ጀመረ፤ በረንዳውም ሞላ። ባለ ቦርሳው ወጣት ቀድሞን ደርሶ ጥሩውን ቦታ ይዟል።

"አላልኳችሁም?" አለ። "ዛሬ ጠዋት በቦሌ መንገድ መኪና የሚባል ዝር አላለም።"

በረንዳው በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። አዛውንቱ ጃንጥላቸውን አጠፉና ተጠጉት።

"ምክንያቱስ ታወቀ?"