ማስተካከያ፦ ቱሉ ዲምቱ አልሰመጠም

ባለፈው ስለ ራዳር ምስል ስጽፍ "በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም በኩል መሬቱ 2.8 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሏል" ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። እዚያ ቤት የደረሳት አክስቴ ግድግዳዋን በባትሪ እያበራች ስንጥቅ ስትፈልግ አምሽታለች። ይቅርታ አክስቴ።

የሆነው እንዲህ ነው። የሴንቲኔል-1 ሳተላይት ራዳር የሞገድ ርዝመቱ 5.6 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ሞገዱ ደርሶ መልስ ስለሚጓዝ፣ የሁለት ቀን ምስሎች ሲነጻጸሩ ልዩነቱ በቀለም ቀለበቶች ይታያል፤ አንድ ሙሉ የቀለም ዙር የሞገዱ ግማሽ፣ ማለትም የ2.8 ሴንቲሜትር ለውጥ ይመስላል። እኔም ቀለሙን አየሁና ቸኮልኩ። ለካ አንዱ ምስል የጥር፣ ሌላው የሐምሌ ነው! የክረምት እርጥበት ሞገዱን ያዘገየዋል። ሲዘገይ ደግሞ መሬቱ ከሳተላይቱ የራቀ ይመስላል። ቀለበቶቹን ደግሜ ሳያቸው የየረርን ተራራ ቅርጽ ተከትለው ነው የሚዞሩት። መሬት የተራራ ከፍታ እየለካ አይሰምጥም። በበጋ የተነሱትን ምስሎች እርስ በርስ ሳነጻጽር ቀለበቱ የለም።

ሁለተኛው ስህተቴ "ብዥታው የደመና ነው፣ አውቶፎከስ ሁሉንም ያጠራዋል" ማለቴ ነው (አውቶፎከስ የራዳር ምስልን ብዥታ የሚያጠራ የኮምፒውተር ስሌት ነው)። የዚህ ራዳር ሞገድ ደመናን አልፎ ይሄዳል። ብዥታ ያልኩት፣ በአዳማው የፍጥነት መንገድ አካባቢ የተዘረጋው ጭረት ከሚሮጡ መኪኖች የመጣ ነው፤ ራዳሩ ምስሉን የሚገነባው መሬቱ ቆሞ እንደሚጠብቀው አስቦ ነው። አውቶፎከስ የሚያርመው በአንድ ምስል ውስጥ ያለን የፌዝ (ሞገዱ በዑደቱ የት ላይ እንደደረሰ የሚያሳየው ልኬት) ስህተት ነው፤ ለምሳሌ ራዳሩን የተሸከመው አውሮፕላን ትንሽ ሲወዛወዝ የሚፈጠረውን። በጥርና በሐምሌ አየር መካከል ያለው ልዩነት የእሱ ሥራ አይደለም።