ለልብ ታማሚ ሰዓት አስሮ መሸኘት ሕክምና አይደለም

የአሜሪካ የጤና ሚኒስትር ሮበርት ኬኔዲ ጁኒየር በጁን 2025 ኮንግረስ ፊት ቀርበው የተናገሩት ነገር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። በአራት ዓመት ውስጥ እያንዳንዱ አሜሪካዊ እንደ ሰዓት ያለ የጤና መከታተያ መሣሪያ አስሮ ማየት እፈልጋለሁ አሉ። ለዚህም መሥሪያ ቤታቸው በታሪኩ ካካሄዳቸው ትልልቅ የማስታወቂያ ዘመቻዎች አንዱን እንደሚጀምር ተናገሩ። ቀጥለው ሒሳብ ሠሩ። ለስኳር በሽታና ክብደት ለመቀነስ የሚወሰደው መድኃኒት ኦዜምፒክ በወር 1,300 ዶላር ያስወጣል፤ ያንኑ ውጤት በ80 ዶላር መሣሪያ ማግኘት ከተቻለ ለሕዝቡ ይሻላል አሉ።

ወሬው ሁሉ ወዲያው ወደ ግል መረጃ ዞረ። መረጃችንን ማን ያየዋል፣ ለማን ይሸጣል ተባለ። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔን ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። የልብ ታማሚው ችግር መረጃውን የሚያይለት ሰው መጥፋቱ ነው። ሪሃብ፣ ማለትም ከልብ ሕመም በኋላ በባለሙያ ፊት የሚሠራውን የማገገሚያ ስፖርት፣ የጨረሰ ሰው አፕ አውርድ፣ ሰዓት ግዛ፣ በርታ ተብሎ ይሸኛል። ከዚያ በኋላ ቢራመድም ባይራመድም የሚያውቅለት የለም። ሚኒስትሩ ይሄን ባዶ ቦታ በማስታወቂያ ሊሞሉት ነው ያሰቡት።

እስኪ ከ80 ዶላሯ ሒሳብ ልጀምር። ሙሉ ክርክሩ የተንጠለጠለው “ከተቻለ” በምትለዋ ቃል ላይ ነው። ተሞክሮ ታይቷል እኮ! የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ክብደት መቀነስ የሚፈልጉ 471 ወጣቶችን ለሁለት ዓመት ተከታትለው ውጤቱን በ2016 አወጡ። ሁሉም አመጋገባቸውን አስተካክለዋል፣ ሁሉም ምክር አግኝተዋል። ከስድስት ወር በኋላ ግማሾቹ መከታተያ መሣሪያ ክንዳቸው ላይ አሰሩ። መሣሪያውን ያሰሩት በአማካይ 3.5 ኪሎ ቀነሱ። ያላሰሩት 5.9 ኪሎ ቀነሱ። እነዚህ ወጣቶች ናቸው። ባይፓስ የሚባለው የልብ ቀዶ ሕክምና ተሠርቶላቸው ደረጃ መውጣት የፈሩ ሰዎች አይደሉም። በወጣት ላይ ይሄን ያህል የደከመ መሣሪያ የ70 ዓመት ሰው ልብ ይጠግናል ብሎ ሕዝብ ፊት መናገር ኃላፊነት የጎደለው ነገር ነው።

የልብ ሪሃብ ክፍል ገብቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩን በደንብ ይረዳዋል። ደረት ላይ የልብ ምት ማንበቢያ ይለጠፋል፤ ምቱ ስክሪን ላይ ይታያል። ትሬድሚል ላይ ከመውጣት በፊት የደም ግፊት ይለካል፤ መሀል ላይ ይለካል፤ ሲጨርሱም ይለካል። ነርሷ ጠጋ ብላ “ከ6 እስከ 20 ስንት ያህል ከበደዎት?” ትላለች። 13 ካሉ ጥሩ ነው። 16 ካሉ ማሽኑን ቀስ ታደርገዋለች። ፊት አይታ “ዛሬ አልተኙም እንዴ?” የምትልም እሷው ናት። አጠገብ ያለው ብስክሌት ላይ በዚያው ወር ስቴንት (የጠበበ የልብ ደም ሥር የሚከፍት ትንሽ ቱቦ) የገባለት ሰው አለ። ባለፈው ሳምንት አብሮ የነበረ ሰው ሲቀር ሁሉም ይጠይቃል።

ሜዲኬር፣ በዋናነት የአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ ለዚህ የሚከፍለው 36 ጊዜ ነው። በሳምንት ሦስቴ ለሚሄድ ሰው 12 ሳምንት ማለት ነው። በ36ኛው ቀን ይጨበጨባል፣ በርታ ይባላል፣ በሩ ይዘጋል። ልብ ግን የሦስት ወር ኮንትራት የለውም። ስፖርቱ የሚጠቅመው እስከተሠራ ድረስ ነው። ሲቆም ጥቅሙም ተከትሎት ይሄዳል።

ሰው ለምን ያቆማል? ስንፍና ነው የሚሉ አሉ። ይሄን አባባል መስማት ሰልችቶኛል። በ2009 የወጣው ኤችኤፍ አክሽን የተባለ ትልቅ ጥናት 2,331 የልብ ድካም ታማሚዎችን ይዞ ነበር። የስፖርቱ ቡድን 36 ጊዜ በባለሙያ ፊት እንዲሠራ ታቀደ። ትሬድሚል ወይም ብስክሌትም ቤቱ ድረስ መጣለት። የልብ ምት መለኪያም ተሰጠው። አልፎ አልፎም ስልክ ይደወልለት ነበር። ግቡ በሳምንት 120 ደቂቃ ነበር። ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ድረስ መሀለኛው ቁጥር በሳምንት 95 ደቂቃ ነበር፤ ግማሹ ሰው ከዚያ በታች ነው የሠራው። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ወደ 74 ወረደ። ማሽን ተሰጥቶ፣ መለኪያ ተሰጥቶ፣ ስልክ ተደውሎ እንኳን ወረደ! ታዲያ ከዚህ ሁሉ ላይ ማሽኑን፣ ባለሙያውንና ስልኩን ቀንሰን ሰዓት ብቻ ብናስቀር ምን እንጠብቃለን?

አሁን ዋናው ነጥቤ ላይ ደረስኩ። ጆንስ ሆፕኪንስ ውስጥ የተሠራ አንድ አነስተኛ ጥናት አለ፤ በ2015 የወጣ። የልብ በሽታ መከላከያ ክሊኒክ የሚከታተሉ 48 ሰዎች የእርምጃ መቁጠሪያ አሰሩ። በመጀመሪያው ዙር አንዳንዶቹ ቁጥራቸውን ስልካቸው ላይ እንዲያዩ ተደረገ፤ ሌሎቹ እንዳያዩ ተከለከሉ። ቁጥሩን ማየት ብቻውን ይሄ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። በሁለተኛው ዙር ቁጥሩን ከሚያዩት ለከፊሎቹ የስልክ መልእክት መላክ ተጀመረ። መልእክቱ ለእያንዳንዱ ሰው የተበጀ ነው። በዚያ ቀን ምን ያህል እንደተራመደ አውቆ ነው የሚናገረው። መልእክት የደረሳቸው ሰዎች ካልደረሳቸው ይልቅ በቀን ከ2,500 እርምጃ በላይ ጨመሩ።

ይሄን ውጤት ደጋግሜ አስቤዋለሁ። መሣሪያው ያው ነው። ቁጥሩ ያው ነው። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ ታማሚው “አይተንሃል” ተባለ። መልእክቱን የሚልከው ኮምፒውተር ነው የሚል ይኖራል። አዎ ነው። ታማሚው ግን ከኮምፒውተሩ ጀርባ የሚያክመው ክሊኒክ እንዳለ ያውቃል። ጠዋት ሲነሳ ሐኪሙ የማያውቀው ቁጥር ላይ አይደለም የሚራመደው። 48 ሰው ጥቂት ነው የሚልም አይጠፋም። እሺ፣ ሲድኒ ውስጥ ደግሞ 710 የልብ ታማሚዎች ተሳትፈው ለግማሾቹ በሳምንት አራት ተራ የጽሑፍ መልእክት ለስድስት ወር ተላከላቸው። ሰዓት የለ፣ ቀለበት የለ። ኮሌስትሮላቸው ወረደ፣ የደም ግፊታቸው ወረደ፣ እንቅስቃሴያቸው ጨመረ። ይሄም በ2015 የታተመ ነው። የ80 ዶላሩን መሣሪያ ያሸነፈው ተራ የጽሑፍ መልእክት ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

እኛ ይሄን ከእድር እናውቀዋለን። ስም ሲጠራ ያልተገኘ ሰው ቤቱ ድረስ ይጠየቃል። ሰው በእድሩ የሚጸናው ደብተሩ ስላማረ አይደለም፤ ቢቀር የሚፈልገው ሰው ስላለ ነው።

ስለዚህ ቴክኖሎጂ ጠል አትበሉኝ። የጤና ድርጅቱ ካይዘር ፐርማነንቴ ከሳምሰንግ ጋር ሆኖ በ2018 ደቡባዊ ካሊፎርኒያ ውስጥ ይፋ ያደረገው የቤት ሪሃብ በሰዓት ነው የሚሠራው። እንደ ድርጅቶቹ መግለጫ ከጀመሩት ሰዎች ከ80 ከመቶ በላይ ጨርሰውታል። ክሊኒክ ድረስ ከሚመላለሱት ግን ግማሽ እንኳ አይጨርሱም ነበር። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚታየው ሰዓቱ ነው። ከሰዓቱ ጀርባ ግን መረጃውን የሚያይና ለታማሚው በየሳምንቱ የሚደውል ባለሙያ አለ። ኬኔዲ ያንን ባለሙያ አልጠቀሱም። ከ80 ዶላሩ ውስጥም የለም።

ደግሞ የአደጋው ነገር አለ። ብዙዎቹ ሰዓቶችና አፖች የልብ ምት ግብ የሚያወጡት ከ220 ላይ ዕድሜን በመቀነስ ነው። ለ65 ዓመት ሰው ጣሪያው 155 ይሆናል። ሃርት አታክ ያለፈባቸው ሰዎች በብዛት ቤታ ብሎከር ይወስዳሉ። መድኃኒቱ የልብ ምቱን ይዞ ያስቀረዋል፤ ሥራውም ይሄው ነው። ሰውየው በቂ ሠርቶ ላብ አጥምቆት ሳለ ሰዓቱ ገና ነህ፣ ጨምር ይለዋል። ሪሃብ ውስጥ “ስንት ከበደዎት?” የሚባለው በከንቱ አይደለም። እየተራመዱ ማውራት ከቻሉ ደህና ነዎት፣ ቃል ካጠረዎት ቀስ ይበሉ የሚል ሰው ያስፈልጋል። ሰዓቱ ምን ኪኒን እንደሚዋጥ አያውቅም።

ወደ እኛ ሰፈር ልምጣ። ዋሽንግተንና አካባቢው ውስጥ ስንት አባቶች ናቸው በቀን 12 ሰዓት መሪ ላይ ተቀምጠው ልጅ ያሳደጉት? ፓርኪንግ ውስጥ ወንበር ላይ ሌሊቱን ያነጉትስ? የማውቃቸው አንድ ጋሼ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ስቴንት ገባላቸው። ሪሃቡን ሳያቋርጡ ጨረሱ፤ ደስ ብሏቸው ነበር። መጨረሻ ላይ አፕ ታዘዘላቸውና ልጃቸው ጫነችላቸው። ሰዓትም ገዛችላቸው። ጠዋት ጠዋት በእንግሊዝኛ መልእክት ይመጣል። እሳቸው የስልክ ካምፓኒው ማስታወቂያ መስሏቸው ሲያጠፉት ከረሙ። ሰዓቱ አሁን ኩሽና ውስጥ፣ ከረከቦቱ አጠገብ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ነው ያለው። መረጃውን የሚያይ አንድ ሰው ቢኖር በሁለተኛው ሳምንት “ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?” ብሎ ይደውል ነበር። ማንም አልደወለም። የዲሲ የቋንቋ ሕግ ከ2004 ጀምሮ አለ፤ አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ነው። መንጃ ፈቃድ በአማርኛ እየተስተናገደ የሚያወጣ ሰው ልቡን በማይገባው ኖቲፊኬሽን ጠብቅ መባሉ ያሳፍራል።

ሚኒስትሩ እንደሚሉት ሰዓቱ ሰው ጤናውን በራሱ እጅ እንዲያደርግ ያስችለዋል። ሲሰሙት ያምራል። ውስጡ ግን ሌላ ነገር አለ። ጤናህ በእጅህ ነው ከተባለ በኋላ የተዳከመ ሰው ጥፋቱ የራሱ ይሆናል። ኢንሹራንሱ አይጠየቅም፣ ሆስፒታሉ አይጠየቅም፣ መንግሥት አይጠየቅም። ሰዓት ሰጥተንህ ነበር ይባላል።

መንግሥት የሚጠየቅበት ብዙ ነገር አለ። በ2016 በሜዲኬር ሥር ሆነው ሪሃብ ከሚገባቸው ሰዎች አንድ ጊዜ እንኳ የሄዱት 24 ከመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ከሄዱት ውስጥ 36ቱን የጨረሱት 27 ከመቶ ያህል ናቸው። ተጨማሪ ኢንሹራንስ የሌለው ሰው በየቀጠሮው 20 ከመቶውን ከኪሱ ይከፍላል። ሪሃቡ ደግሞ በሥራ ሰዓት ነው። ኡበር የሚነዳ ሰው በሳምንት ሦስት ግማሽ ቀን ይከስራል። ትልቅ ዘመቻ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በቴሌቪዥን ሰዓት ማስተዋወቅ ይሄን አይነካውም።

ለሁሉም ነርስ መመደብ ውድ ነው የሚባለውንም አልቀበልም። ጀርመኖችን እንይ። የመጀመሪያው የልብ ታማሚዎች የስፖርት ቡድን በ1965 ሾርንዶርፍ በምትባል ከተማ ተጀመረ፤ ዛሬ በመላ አገሪቱ ተስፋፍቷል። ኢንሹራንሱ በአብዛኛው በ24 ወር ውስጥ 90 ጊዜ ይከፍላል። ያቺው ጀርመን ከ2020 ጀምሮ ሐኪም አፕ እንደ መድኃኒት በማዘዣ እንዲጽፍ ፈቅዳለች። አፑን ስታመጣ ግን ቡድኑን አልበተነችም። ሁለቱም አሉ። አሜሪካ ለአንዴ ባይፓስ የምትከፍለውን የምታውቅ አገር ሆና ለሳምንታዊ የስልክ ጥሪ አቅም የለኝም ልትል አትችልም።

እኔ የምለው ግልጽ ነው። ሜዲኬር ከ36ኛው ቀን በኋላ ላለው አንድ ዓመት ይክፈል። ክፍያው ለሰው ይሁን። አፑ ማን ዝም እንዳለ ለነርሷ ይንገራት፤ እሷ ትደውል፤ ካስፈለገ በአስተርጓሚ፣ በአማርኛ ትደውል። ከጀርባው የሚደውል ሰው የሌለው አፕ ደግሞ የሪሃብ ስም አይሰጠው፣ ለሱም ሳንቲም አይከፈል። እስከዚያው ድረስ ሆስፒታሉ አባትዎን ወይም እናትዎን በአፕ ሊሸኝ ሲል አብረው ይሂዱና ይሄን ማን እንደሚያየው፣ በምን ቀን እንደሚያየው፣ ሁለት ሳምንት ዝም ቢሉ ማን እንደሚደውል ይጠይቁ። የሰው ስምና የስልክ ቁጥር ሳይጻፍልዎት ከዚያ ክፍል አይውጡ።