የአምላክ ስም መዋስ እምነትን መዋስ አይደለም
በሰሜን አውሮፓ ነባር ሕዝብ ስለሆኑት ስለ ሳሚዎች ጥንታዊ እምነት የወጣው ጽሑፍ፣ የነጎድጓድ አምላካቸው «ሆራጋሌስ» መባሉን ብቻ ይዞ እምነታቸው ከኖርሶች (ከጥንት ስካንዲኔቪያውያን) የተቀዳ ነው ማለቱ ችኮላ ይመስለኛል። ስሙ ከኖርሱ የነጎድጓድ አምላክ ከቶር ጋር መያያዙን አልክድም፤ ሆኖም ስለ ሆራጋሌስ ያለንን መረጃ ያገኘነው በአብዛኛው ሚስዮናውያን በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዘመን ከጻፉት ነው፣ እነርሱም ያንን እምነት ለማጥፋት የተላኩ ነበሩ። በሰሜን ፊንላንድ በኢናሪ ሐይቅ ያለችው የመሥዋዕት ደሴት ግን በአካባቢው ሳሚኛ የምትጠራው በቶር ስም ሳይሆን «አያት» ወይም «ሽማግሌ» በሚል ቃል ነው። ከመናፍስት ጋር የሚነጋገረው ሰው መጠሪያ፣ «ኖአይዲ»፣ ከፊንላንድኛው «ኖይታ» እና በምዕራብ ሳይቤሪያ ከሚነገረው ከማንሲ ቋንቋ ቃል ጋር ስለሚዛመድ ሥሩ ከኖርሶች ጋር ከነበረው ግንኙነት እጅግ ይርቃል። በዚያው ጽሑፍ ላይ ከእኔ በፊት አስተያየት የጻፉት አንባቢ «ቃል ብቻውን ሥርዓትን አያስረዳም» ማለታቸው ተገቢ ነው (እኛስ ስሙን ይዘን ልማዱን የተውነው ስንቱን ነው!)፤ ቁፋሮ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። «ሲኤይዲ» በሚባሉት የመሥዋዕት ድንጋዮች ዙሪያ በብዛት የተገኘው ሬንዲር የተባለው የሰሜኑ አጋዘን አጥንት ሲሆን፣ የዓሣና የወፍ፣ አልፎ አልፎም የበግና የፍየል አጥንት አለበት፤ ይህም አዲስ የቤት እንስሳ ሲመጣ መሥዋዕቱ እየተለወጠ አምልኮው መቀጠሉን ይጠቁመኛል።