ፎልደሩ እዚህ፣ ፋይሉ እዚያ

አንድ ቀን ቢሮ መብራት ጠፋ። የእኛ ክፍል ዩፒኤስ ስላለው ኮምፒውተሮቻችን አልተነኩም። ምድር ቤት ያለው፣ የሁላችንም ፋይል የሚቀመጥበት ሰርቨር ግን ድርግም አለ። የእሱ ዩፒኤስ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል።

እኔ ይህን ሳላውቅ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ፣ ሰርቨሩ ላይ ያለውን ፎልደር ይዘት ልይ ብዬ «ኤልኤስ» የሚለውን ትእዛዝ ጻፍኩና ኢንተር ነካሁ። ዝም። ላቋርጠው ኮንትሮል ሲ ብል፣ ብደጋግም፣ ወይ ፍንክች! ማሽኑ ላይ ያለው ያረጀ ሊኑክስ ነበር። ሌላ ተርሚናል ከፍቼ በ«ዲኤፍ» የዲስኩን ቦታ ልይ ስል እሱም እዚያው ደርቆ ቀረ። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ «ጋሼ፣ ሶፍት አድርገው ማውንት ቢያደርጉት እኮ ይገላገሉ ነበር» አለኝ።

ሰርቨሩ ዝም ሲል ማሽኑ ጥቂት ሞክሮ እንዲተወው ማድረግ ማለቱ ነው። ብዙ ሰው ይህን ይመክራል። እኔ ግን አልስማማም።

በዩኒክስ ዓለም፣ ሊኑክስም የዚያው ወገን ነው፣ እንደ ዊንዶውስ ዲ፣ ኢ የሚባል ድራይቭ የለም። ሁሉም ነገር ከአንድ ሥር የበቀለ አንድ ዛፍ ነው። ፍላሽ ብትሰኩ ወይም ዲስክ ብትጨምሩ ከዛፉ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ይቀጠላል። ማውንት ማድረግ ማለት ይኸው ነው። ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 ኤንኤፍኤስን (በኔትዎርክ ፋይል መጋሪያ ዘዴ ነው) ሲሠራ፣ ሌላ ማሽን ውስጥ ያለ ዲስክም እዚሁ ዛፍ ላይ እንዲቀጠል አደረገ። ፎልደሩ እዚህ ይታያል፣ ፋይሉ ግን እዚያ ነው። ፕሮግራሙ ደግሞ ልዩነቱን አያውቅም።

የሰን ሰዎች ሰርቨሩን ሆን ብለው ዝንጉ አደረጉት። ማን የትኛውን ፋይል እንደከፈተ አይመዘግብም። እያንዳንዱ ጥያቄ ራሱን የቻለ ነው፦ ከዚህ ፋይል፣ ከዚህ ቦታ ጀምረህ፣ ይህን ያህል ባይት ስጠኝ። ስለዚህ ሰርቨሩ ወድቆ ቢነሳ የሚረሳው ነገር የለም። የእናንተ ማሽን መልስ እስኪያገኝ ያንኑ ጥያቄ ይደጋግማል። ኋላ የመጣው የኤንኤፍኤስ 4ኛው ስሪት መመዝገብ ጀምሯል፣ የመጠበቁ ነገር ግን አልቀረም። እንዲህ መልስ እስኪመጣ የሚጠብቀው ሃርድ ማውንት ይባላል። ያን ቀን ተርሚናሌ የደረቀውም ተበላሽቶ ሳይሆን እየጠበቀ ስለነበር ነው።

ሶፍት ሲሆን ግን የተወሰነ ጊዜ ሞክሮ ይተወዋል፤ ለፕሮግራሙም «አልተሳካም» ይለዋል። ፕሮግራሙ ይህን ሰምቶ ቢያስጠነቅቃችሁ ጥሩ ነበር። ስንቱ ነው የሚሰማው? የደመወዝ ሰንጠረዥ እያስቀመጣችሁ ነው እንበል። ግማሹ ይጻፋል፣ ግማሹ ይቀራል፣ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም የለም። የሊኑክስ መመሪያ ራሱ ሶፍት ድምፅ ሳያሰማ ዳታ ሊያበላሽ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። የደረቀ ተርሚናል ያናድዳል፣ ይገባኛል። ግማሽ የሆነው ፋይል ግን የሚታወቀው ከስንት ወር በኋላ፣ ኦዲተር ሲመጣ ነው።

በኤንኤፍኤስ ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ጉዳይ አለ፦ የዋህነቱ። በተለመደው አሠራር ሰርቨሩ የሚያምነው የእናንተ ማሽን የሚልክለትን የተጠቃሚ ቁጥር ነው። ስም ጠይቆ መታወቂያ ሳያይ የሚያስገባ ጥበቃ በሉት። እኔ በማሽኔ 1000 ቁጥር ከሆንኩ፣ ሌላዋም በማሽኗ 1000 ከሆነች፣ ለሰርቨሩ አንድ ሰው ነን። አንድ ጊዜ የእኔ ረቂቅ ደብዳቤ በባልደረባዬ ስም ተቀምጦ አግኝቼዋለሁ። እሷ ሳቀች፣ እኔ አልሳቅኩም።

መሥሪያ ቤቱ ዊንዶውስም ካለበት፣ ዊንዶውስ ፋይል በሚጋራበት ኤስኤምቢ በተባለው ቋንቋ የሚነጋገረው ሳምባ የተባለ ፕሮግራም ይሻላል፤ ቢያንስ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። የጻፈው አውስትራሊያዊው አንድሩ ትሪጄል ነው፤ የመጀመሪያው ሥራው እ.ኤ.አ. በ1992 መጀመሪያ ወጣ። ስሙን ያገኘው ኤስ፣ ኤም፣ ቢ የሚሉ ፊደላት በቅደም ተከተል ያሉበትን ቃል «ግሬፕ» በሚባለው የመፈለጊያ ትእዛዝ ከቃላት ዝርዝር ፈልጎ ነው። እንዲህ ያለ ስም አወጣጥ ደስ ይለኛል።

ይኸው ሰው ከፖል ማከራስ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1996 አርሲንክ የተባለውን የፋይል መቅጃ ፕሮግራም አወጣ። አርሲንክ ሩቁን ቅርብ አያስመስልም። ሁለቱን ወገኖች ያነጻጽርና የተለወጠውን ብቻ ይልካል፤ ቅጂው እናንተው ጋ ይቀመጣል። እኔም የማደርገው ይህን ነው። ሰርቨሩ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ከሆነ ማውንት፣ ያውም ሃርድ። አውሮፓ ካለ ሰርቨር ጋር ግን በአርሲንክ። አንድ ጥያቄ ሄዶ እስኪመለስ 150 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ፣ 1,000 ትናንሽ ፋይሎችን በየተራ መክፈት ቢያንስ 150 ሰከንድ ይወስዳል። ኔት ሲቆራረጥ ደግሞ አስቡት። የሩቅ ፎልደርን በተመሰጠረ መስመር ማውንት የሚያደርገው ኤስኤስኤችኤፍኤስ አንድ ሁለት ፋይል ለማየት ምቹ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ግን አልሠራበትም።

ወደዚያ ቀን ልመለስ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ጄኔሬተሩ ተነሳ። ሰርቨሩም እያቃሰተ ተነሳ። የእኔ «ኤልኤስ» ድንገት ስሞቹን ዘረገፈ። ማሽኔ የሆነውን በሚመዘግብበት ሎግ ውስጥ ሁለት መስመር ተጽፏል፦ ሰርቨሩ አይመልስም፣ አሁንም እየሞከርኩ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ፣ ሰርቨሩ ደህና ነው። ልጁ መብራት ሳይጠፋ የጀመረው ኮፒ ነበር። እሱም ካቆመበት ቀጠለ። «ኧረ!» ብሎ ወንበሩን አስጠጋ።

የዩፒኤሱ ባትሪ እስካሁን አልተገዛም።