ፊቱ ማንጎ፣ ጀርባው ውሃ

የሱፐርማርኬት ዕቃ ፊትና ጀርባ አለው። ፊቱ ይለፈልፋል፣ ጀርባው ያንሾካሹካል። ፊት ለፊት የተገመሰ ማንጎ ጭማቂው ጠብ ጠብ ይላል፣ ቅጠሉ ላይ ጤዛ ሳይቀር አለ። ገልብጣችሁ በሞባይል መብራት ስታነቡት ግን ውሃ፣ ስኳር፣ ሲትሪክ አሲድ፣ ማቅለሚያ እያለ ይወርዳል። ዝርዝሩ የሚጻፈው በክብደት ነው፣ ከብዙው ወደ ጥቂቱ። እንግዲህ ማንጎዋ ከሲትሪክ አሲድ ኋላ ተሰልፋ ካገኛችኋት፣ የገዛችሁት የማንጎውን ፎቶ ነው።

ስኳር ይሄን ሰልፍ በደንብ ያውቅበታል። በአንድ ስም ከቆመ አንደኛ ሊወጣና ሊያሳፍር ስለሚችል ግሉኮስ ሽሮፕ፣ ዴክስትሮዝ፣ ፍሩክቶስ እየተባለ ተበታትኖ ይቆማል። ሸማቾች ማኅበር ስኳር ገባ ሲባል ቤተሰቡ ሁሉ በየስሙ ወረፋ እንደሚይዘው። ካሎሪውም የሚሰላው ለ2 ብስኩት ነው። እስቲ 2 ብስኩት በልቶ ፓኬቱን አጥፎ የሚያስቀምጥ ሰው አሳዩኝ!

ዘይቱ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ቢጫው ጄሪካን ላይ ቀይ ልብ ተስሎ «ከኮሌስትሮል ነፃ» ይላል። አልዋሸም። ኮሌስትሮል ከእንስሳ እንጂ ከተክል አይመጣም፣ በዚህ ሒሳብ ሽሮም በርበሬም ነፃ ናቸው፣ እነሱ ግን አይጎርሩም። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ መሆኑን ልቡ አጠገብ የጻፈ የለም። ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ሲበርድ ጄሪካኑ ውስጥ ረግቶ አልፈስም ሲል ራሱ ይናገራል።

የጿሚው ፈተና ግን ከሁሉም ይብሳል። ከዓመቱ ግማሽ የሚሆነው ጾም በሆነበት አገር «የጾም» የሚል ጽሑፍ ብስኩት ያሻሽጣል። ማን ነው የጾም ነው ያለው? አንዳንዴ ፋብሪካው ነው፣ አንዳንዴ መደርደሪያው ላይ በእስክሪብቶ የጻፈው ልጅ ነው። ጀርባውን ጉንዳን በምታክል ፊደል ብታነቡት «ዌይ ፓውደር» ይላል፣ የደረቀ አጓት ማለት ነው። እማማ በፍልሰታ ሻይ ውስጥ እየነከሩ አጓት ይበላሉ፣ ኃጢአቱ የማን እንደሆነ የንስሐ አባት ይወቁት። «ኢ 471» የሚባልም አለ፣ ዘይትና ውሃን የሚያዋህድ ተጨማሪ ነው። ከአትክልት ዘይትም ከእንስሳ ስብም ሊሠራ ይችላል፣ ከየትኛው እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ አይጻፍም። እሱ ደግሞ ጿሚውንም ሙስሊም ጎረቤቱንም እኩል ያስጨንቃል፣ ቢያንስ በዚህ አንድ ሆነናል።

ወደ ቀኑ እንምጣ። ማብቂያው 05/13/17 ነው እንበል። 13ኛ ወር ያለን እኛ ነን፣ ስለዚህ ጳጉሜ 5 ቀን 2017 ነው ብላችሁ ልባችሁ ያርፋል። ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ አጠገባችሁ ካለ ግን፣ ወሩን የሚያስቀድሙት እነሱ ናቸውና፣ «ሜይ 13 ቀን 2017 እኮ ነው!» ብሎ ከእጃችሁ ይቀማችኋል። በሁለቱ መሀል ከ8 ዓመት በላይ አለ፣ ልጅ ተወልዶ ትምህርት ቤት ይገባል። የኛን አቆጣጠር ይሁን የፈረንጁን አንድ ፊደል ጨምሮ መጻፍ ቀለም ይጨርሳል መሰለኝ። ሕግ የለም እንዳትሉ፣ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ አለን። ቁጥሩ በአማርኛ 1112/2011፣ በእንግሊዝኛ 1112/2019።

ከዚህ ሁሉ ክርክር የሚገላግላችሁ ሱፐርማርኬቱ ነው። የዋጋ ተለጣፊውን ያንን ሁሉ ባዶ ቦታ ትቶ ልክ ቀኑ ላይ ይለጥፈዋል። በጥፍራችሁ ስትፍቁት ቀኑም አብሮ ይነሳል። ሠራተኛዋን «የኔ እህት፣ ይሄ የሚያበቃው መቼ ነው?» ትሏታላችሁ።

«ኧረ ትናንት ነው የገባው!»