ብርዱ ሳይሆን ዳገቱ ነው

"በብርድ ውጭ ስፖርት መሥራት ብዙ ካሎሪ ያቃጥላል" የሚለውን ጽሑፋችሁን አነበብኩት። የምጽፈው ከደሴ ነው። ከተማችን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የታኅሣሥ ጠዋት ብርዷ ጣት ያደነዝዛል። በሳምንት ሦስት ቀን ከጓደኛዬ ጋር የጦሳን ዳገት እንወጣለን።

እውነት ነው፣ ሰውነት ሲንቀጠቀጥ ሙቀት ለማምረት ካሎሪ ያቃጥላል። ግን ዳገት እየወጣ የሚንቀጠቀጥ ማን አለ? ጡንቻ ሲሠራ ከሚያወጣው ጉልበት አብዛኛው ራሱ ሙቀት ይሆናል። አሥር ደቂቃ ሳንሄድ ጃኬታችን ወገባችን ላይ ይታሰራል። ስለዚህ ብርዱ የሚጨምረው ካሎሪ ትንሽ ነው። ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ያንኑ ያህል ዳገት የወጣ ሰው ከእኛ ብዙም አያንስም።

እኔን ያሳሰበኝ ይሄን አንብቦ "ብርድ ያክሳል" ብሎ በስስ ልብስ የሚወጣው ወጣት ነው። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ያሳጥራል። ጓደኛዬ አስም አለባት፤ አፍና አፍንጫዋን በሻርፕ ሸፍና ቀስ ብላ ነው የምትጀምረው፣ መድኃኒቷም ከኪሷ አይጠፋም። ላብ ያረጠበው ልብስ ደግሞ የሚጎዳው ቁልቁል ስንመለስ ነው፤ ደረቅ ካናቴራ ያዙ። ውኃም ጠጡ፣ በብርድ ጥም ቶሎ አይሰማም።

ብርዱን ግን እወደዋለሁ። በፀሐይ ቶሎ ይደክመኛል፤ በጠዋቱ ቅዝቃዜ ረዘም አድርጌ እሄዳለሁ። ክብደቴን የቀነሰልኝም ይሄ ይመስለኛል።